የኦንላይን ጌም ከመግዛቴ በፊት የማያቸው ነገሮች፦ የአንድ ዓመት ማስታወሻ

የዛሬ ዓመት ገደማ አንድን ጌም ለመግዛት ይበቃኛል ብዬ የማስበው፣ የማስተዋወቂያ ቪዲዮውን ማየትና ሁለት ሦስት አስተያየት ማንበብ ነበር። በዚህ አካሄድ በ30 ዶላር የገዛሁት የመጀመሪያው የቡድን ተኩስ ጨዋታ፣ ስሙን ልለፈውና፣ በሥዕሉም ሆነ በድምፁ እንከን አልነበረውም፤ የጎደለው ሰው ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተጋጣሚ እንዲፈልግልኝ አዝዤ ስጠብቅ፣ በስክሪኑ ጥግ ያለው ቆጣሪ 4 ደቂቃ፣ 9 ደቂቃ፣ 14 ደቂቃ እያለ ይሄዳል። ጨዋታው በመጨረሻ ሲከፈትም ከአሥሩ ተጫዋቾች ሰባቱ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የተጫዋቾችን ቁጥር ማየት ለመድሁ። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ የሚሸጥ ጌም በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚጫወተው ስቲምዲቢ በተባለው ድረ ገጽ በነጻ ይታያል። መጀመሪያ ላይ የተሳሳትሁት ትልቁን ቁጥር፣ ማለትም ጌሙ ከወጣ ጀምሮ የተመዘገበውን ከፍተኛ መጠን ማየቴ ነው። እርሱ የሠርጉን ቀን እንግዳ እንደመቁጠር ነው፤ አሁን የማየው ያለፉትን ሦስት ወራት መስመርና በተለይም እኛ በምንጫወትበት ሰዓት ያለውን ቁጥር ነው። የእኛ ምሽት 3 ሰዓት ለአብዛኛው አውሮፓ ገና የምሽት መጀመሪያ ስለሆነ፣ አውሮፓውያን የሚያዘወትሩት ጌም ለአዲስ አበባ ልጅ ይመቻል። አሜሪካኖች የሚበዙበት ግን ሌላ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ከሥራ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል። ይህም ሆኖ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ከኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ካሉ የጌም ማጫወቻዎች) ተጫዋቾች ጋር የሚያገናኝ ጌም ከሆነ የእነርሱ ቁጥር እዚያ አይታይም፤ ዛሬ ሰው የሌለው ጌምም ነገ ሊሞላ ይችላል፤ አማንግ አስ የተባለው ጌም እንደ አውሮፓውያን በ2018 ወጥቶ ዓለም ያወቀው በ2020 ነው። በእንዲህ ያለው ተስፋ 30 ዶላር ማውጣት ግን ሎተሪ መቁረጥ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር ሰርቨሩ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ያለበት ቦታ ነው። ሰርቨሩ ለምሳሌ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ቢሆን፣ ከአዲስ አበባ እስከዚያ በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ኬብሉ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ 50 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በእኔ መስመር የማየው ፒንግ (መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) የዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ የኢንተርኔት ፓኬጅ ከፍ ማድረግ የማይፈታው ችግር መሆኑን ተረድቻለሁ። መኪና ለመንዳትና ለተኩስ ጨዋታ ይህ መዘግየት ያበሳጫል፤ ቤት ለሚሠራበት፣ እርሻ ለሚታረስበትና በተራ ለሚጫወቱት ጌም ግን ብዙም አይሰማም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ፣ ባለቤቱ ሰርቨሩን ሲዘጋ ምን በእጄ ይቀራል የሚለው ነው። ሶኒ በ40 ዶላር ያወጣው ኮንኮርድ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ (እንደ አውሮፓውያን በ23 ኦገስት 2024) ለገበያ ቀርቦ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተዘግቷል። የገዙት ገንዘባቸው ስለተመለሰላቸው ዕድለኞች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን በ2014 የወጣው፣ ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ የመኪና ጨዋታ ዘ ክሩ ግን ብቻን ለመጫወት እንኳ ሰርቨር የሚጠይቅ ስለነበረ፣ በማርች 2024 መጨረሻ ሰርቨሩ ሲጠፋ ጌሙም አብሮ ጠፋ። አሁን በመሸጫ ገጹ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው የራስን ሰርቨር መክፈት ይቻላል የሚል ቃል ነው።

ስቲም ከተገዛ 14 ቀን ያልሞላውንና ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱበትን ጌም ገንዘብ ይመልሳል። ሁለት ሰዓት ብዙ ይመስላል እንጂ፣ ጌሙ ተከፍቶ ተጋጣሚ ሲጠበቅ የሚያልፈው ጊዜም ስለሚቆጠር በማስተማሪያው ክፍልና በጥበቃ ብቻ ግማሹ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሜ አወርዳለሁ፤ ጓደኞቼም በስልክ ሲሰበሰቡ ብቻ እከፍተዋለሁ፤ በመጀመሪያው ሰዓትም ቢያንስ ሁለት ሙሉ ግጥሚያ ካልተጫወትን እመልሰዋለሁ። በዚህ መንገድ እስካሁን ሁለት ጌሞች መልሻለሁ።

በእነዚህ ሁሉ መመዘኛዎች አልፎ ለአራታችንም የገዛነው ቫልሃይም ነው። 20 ዶላር ገደማ ነው፤ እስከ 10 ሰው አብሮ ይጫወታል፤ ከእኛ አንዱም በራሱ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ይከፍታል። ጉድለቱ አስተናጋጁ ቤት መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ከጨዋታው መውጣታችን ነው፤ ባለፈው ሳምንት ጀልባችን ባሕር መሃል እያለች ሦስት ጊዜ ደረሰብን። አሁን የጨዋታችንን ዓለም የያዘውን ፋይል ቅዳሜ ቅዳሜ በፍላሽ እየቀዳን ለሌላው ልጅ እንሰጠዋለን፤ እርሱ ጄኔሬተር ያለው ሕንፃ ላይ ነው የሚኖረው።