ወደ ዮርክ፣ መብራት የሚገባባቸውን ትንንሽ ቤቶች ፍለጋ

የአሜሪካ የመጫወቻ ባቡር ሰብሳቢዎች ማኅበር የምሥራቅ ክፍል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአፕሪልና በኦክቶበር፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በዮርክ ከተማ የአውደ ርዕይ ግቢ ትልቅ ገበያ ይዘረጋል። ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በባልቲሞር በኩል አይ-83 የተባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ሰው መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እኔ የኦክቶበሩን እመርጣለሁ። በገና ዛፍ ሥር፣ መብራት በሚገባባቸው ትንንሽ የመጫወቻ ቤቶች መንደር ለሚያቆም ሰው፣ ከዚያ በኋላ ለጥገና ሁለት ወር ይተርፈዋል።

የምይዘው ዕቃ ጥቂት ነው፦ የእጅ ባትሪ፣ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያም ስምንት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋዮች የተደረደሩበት ማቀፊያ። እያንዳንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለሆነ ስምንቱ በአንድ ላይ 12 ቮልት ይሰጣሉ። ሁለት ሽቦ ካወጡለት፣ ሻጩን ሶኬት ሳይጠይቁ እዚያው ጠረጴዛው ላይ የቤቱን አምፖል መሞከር ይቻላል።

አዳራሾቹ ውስጥ ሻጮች ቤቶቹን ፊታቸውን ወደ ገዢ አዙረው ነው የሚደረድሩት። እኔ ግን አስፈቅጄ ከሁሉ በፊት እገለብጣቸዋለሁ። ለእነዚህ ቤቶች ውበታቸውም ጠላታቸውም አምፖሉ ነው። አምስትና ስድስት አሥርት ዓመት የሞቀ ቤት ጉዳቱን የሚያሳየው ከውስጥ፣ ከጣሪያው ሥርና ከአምፖሉ ቀዳዳ ዙሪያ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቁት የጃፓን የካርቶን ቤቶች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለአሜሪካ የገና ገበያ በብዛት ይሠሩ ነበር፤ መነሻቸውም በፔንሲልቬንያ የሰፈሩት ሞራቪያኖች የተባሉ ፕሮቴስታንቶች ለገና የሚያቆሙት ትንሽ መንደር ነው። ግድግዳቸው ቀለም የተቀባ ካርቶን፣ መስኮታቸው ባለቀለም ሴሎፎን፣ በረዷቸው ብልጭልጭ ፍርፋሪ ነው። ዛፎቹ ደግሞ ገላ ከሚታሽበት ሉፋ ተቆርጠው አረንጓዴ የተነከሩ ናቸው፤ በእጅ ሲነኩ ይፈረካከሳሉ። ከሥራቸው «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል የእንግሊዝኛ ማኅተም ካለባቸው፣ የተሠሩት አሜሪካ ጃፓንን ይዛ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1952 ባለው ጊዜ ነው። የቤቱን የመጀመሪያ ቀለም ለማወቅ ፀሐይ ያላገኘውን ቦታ፣ ማለትም የጣሪያውን ክፈፍ ሥር ማየት ይበቃል። ውጪው ከዚያ በጣም ከደበዘዘ ዋጋው መውረድ አለበት። ቡናማ ክብ ካለ የአምፖል ቃጠሎ ነው። ካርቶኑ እዚያ ላይ በጣት ሲጫኑት ቅርፊት ሆኖ የሚነሳ ከሆነ አልገዛውም፤ ያ ቃጠሎ በቀለም ይሸፈናል እንጂ አይድንም።

ለጽዳት ውሃ ፈጽሞ አይነካቸውም፤ ደረቅ ብሩሽ ብቻ። የለቀቀ መጋጠሚያ በነጭ ኮላ ስስ ተደርጎ ተቀብቶ፣ በጨርቅ ላይ በላስቲክ ታስሮ ያድራል። የተቀደደ ሴሎፎን ከውስጥ በኩል ይለወጣል፤ አሮጌው ፍሬም ላይ የቀረውን ቁራጭ ግን አይጣሉት፣ የቀለሙ ናሙና እሱ ነው።

አምፖሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጥንቶቹ ቤቶች ቀዳዳ ለቀጭኑ ሲ6 አምፖል የተበሳ ነው። ሲ6 በ120 ቮልት መስመር ላይ ስምንቱ ተከታትለው ይታሰሩ ስለነበር እያንዳንዱ 15 ቮልት ይደርሰዋል፤ አንዱ ሲቃጠል ስምንቱም ይጠፋሉ። በኋላ የመጣው ሲ7 አንገቱ ወፍራም ነው፣ እያንዳንዱም ሙሉውን 120 ቮልት ይወስዳል። ሲ7ን ለማስገባት ቀዳዳውን ያሰፋ ሰው ቤቱን አበላሽቶታል፤ ከዚያም አልፎ ለካርቶን የማይገባ ሙቀት አስገብቶበታል። የ15 ቮልቱን ሲ6 በባቡር ትራንስፎርመር ከ12 እስከ 14 ቮልት ጎን ለጎን ማሰር ይሻላል፦ ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ አንዱ ቢቃጠል ሌሎቹ ይቀጥላሉ። አንዱን ብቻ ነጥሎ ግድግዳ ላይ መሰካት ግን አደጋ ነው።

ከካርቶኖቹ ማዶ የፊላደልፊያው ባክማን ኩባንያ የሠራቸው የፕላስቲክቪል ቤቶች በየጠረጴዛው ተቆልለዋል። በ1940ዎቹ መገባደጃ በአጥር ተጀምረው ቤተ ክርስቲያን፣ ጎተራ፣ እሳት አደጋ ጣቢያ ሆኑ። ያለ ሙጫ የሚገጣጠሙ ስለሆኑ የሙጫ ዱካ ዋጋቸውን ያወርዳል። ጭስ ማውጫ፣ በርና የጎተራው የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ቀድመው የሚጠፉ ክፍሎች ናቸው፤ ቆጥሮ መግዛት ያስፈልጋል። የተሠሩበት ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪን፣ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ ከትኩስ አምፖል በላይ ያለ ጣሪያ የሚጎብጠው ለዚህ ነው። የጎበጠውን በሙቀት ለማቃናት መሞከር አያዋጣም። እጥበቱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይሁን፤ አሴቶን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ሌላው ችግር ነጩ ግድግዳ ብርሃን ማሳለፉ ነው፦ አምፖሉ ሲበራ ቤቱ በሙሉ ያበራል፣ መስኮቱ ይጠፋል። ከውስጥ ጥቁር ወረቀት ቆርጦ ያለ ሙጫ መደገፍ በቂ ነው፤ ቀለም ግን ሊመለስ አይችልም።

የመጫወቻ ባቡር ሠሪው ላየኔል ኩባንያ በ1923 ያወጣቸው የብረት ቤቶች፣ ቁጥር 184 የተባለው ባንጋሎው ከነወንድሞቹ 189 እና 191፣ ሙቀት አይፈሩም። የሚያሳስበው ሽቦው ነው። በጨርቅ የተሸፈነው ሽቦ ተሰነጣጥቆ ብረቱን ከነካ ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል፤ መልቲሜትሩ እዚህ ይጠቅማል። ማጠፊያ ጆሮዎቹ ላይ ቀለም ከደረበ ቤቱ እንደገና ተቀብቷል ማለት ነው።

በማግስቱ ሩት 30 በተባለው አውራ ጎዳና ሳስኩዌሃና ወንዝን ተሻግሬ፣ ላንካስተርን አልፌ፣ አሚሾች የተባሉትን፣ በመኪና የማይጓዙ የሃይማኖት ማኅበረሰብ አባላት የፈረስ ጋሪ እየተከተልኩ ሮንክስ ገባሁ። የማኅበሩ የመጫወቻ ባቡር ሙዚየም እዚያ ነው። የተለያየ ስፋት ያላቸው ሀዲዶች ጎን ለጎን ስለሚታዩ መጠን ማነጻጸር ይቀላል። ኦ የሚባለው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 1 ለ48፣ ኤስ የሚባለው 1 ለ64 ነው። ፕላስቲክቪል ከኦ ስለሚያንስ መሃል ላይ፣ የካርቶኖቹ ቤቶች ደግሞ ከዚያም ስለሚያንሱ ከኋላ፣ ከፍ ባለ ቦታ ቢቀመጡ ርቀት ይፈጥራሉ። ከሀዲዱ ጎን ከተደረጉ ግን ባቡሩ ከጣሪያቸው በላይ ይሆናል።

ከመግዛት በፊት የመብራቱን ሂሳብ መሥራት ይጠቅማል። ቁጥር 53 የሚባለው አምፖል 14.4 ቮልት፣ 0.12 አምፔር ነው። ሃያ ቤት 2.4 አምፔር ይፈልጋል፣ ወደ 35 ዋት ማለት ነው። ይህን ባቡሩን ከሚነዳው ትራንስፎርመር ላይ ከወሰዱ፣ ባቡሩ ዳገት ላይ በሄደ ቁጥር መንደሩ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለቤቶቹ ለብቻ ትራንስፎርመር፣ ዋናው መስመር 16 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)፣ ወደየቤቱ የሚወርደው 22 ጌጅ፣ በየመስመሩም ፊውዝ። ኤልኢዲ ለሚመርጥ፣ ለ14 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) የድልድይ ሬክቲፋየር (ጅረቱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያደርግ)፣ 35 ቮልት የሚችል ካፓሲተር (ብልጭታውን የሚያረጋጋ) እና 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ጅረቱን የሚገድብ) ያስፈልጋል፤ 10 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፋል፣ ሙቀት የለም ማለት ይቻላል። ለካርቶኖቹ እኔ ይህንን እመክራለሁ፤ የብርሃኑ ቀለም 2700 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ) ሲሆን ከአሮጌው አምፖል ጋር ይቀራረባል።

ለመመለሻ ጉዞ ብልጭልጭ ያለበትን ቤት በአረፋ ፕላስቲክ መጠቅለል አይገባም፤ ፍርፋሪውን እያነሳ ይሄዳል። አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ተሸፍኖ፣ አምፖሉ ወጥቶ፣ ሳይደራረብ በካርቶን ውስጥ ይቀመጥ። ቤት ሲደርስም ቆጥ ላይ ሙቀት፣ ምድር ቤት ውስጥ እርጥበት አለና፣ ቦታው የመኝታ ክፍል ቁም ሳጥን ነው።