አንድን ተክል እስከ ትክክለኛ ሳይንሳዊ ስሙ ማድረስ፦ የምሠራበት መንገድና ሥራው ያስተማረኝ

ያልታወቀ ተክል እጄ ሲገባ ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ነው የምጠይቀው። አንደኛው «ይህ ተክል የየትኛው ዝርያ አባል ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ለዚያ ዝርያ በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ስያሜ ደንብ መሠረት የሚገባው ስም የትኛው ነው?» ይላል። የመጀመሪያው በማስረጃ ይመለሳል፤ አበባ ተቆርጦ፣ ቅጠል ተለክቶ፣ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር ተነጻጽሮ። ሁለተኛው የሕግ ጉዳይ ነው፤ ማን ቀድሞ አሳተመ፣ በየትኛው ናሙና ላይ ተመሥርቶ አሳተመ፣ ደንቡን አሟልቷል ወይ። በዚህ ሥራ ላይ ካየኋቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የመጡት ሁለቱ ጥያቄዎች ሲደበላለቁ ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ ዕፅዋት ነው፤ የእንስሳቱ ደንብ የሚለይበት ቦታ ሲያጋጥም እጠቁማለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናሙናው

ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው ገና መስክ ላይ ነው። አበባም ፍሬም የሌለው ቅርንጫፍ አስተኔውን፣ ማለትም ቤተሰቡን እንኳ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከተቻለ ሁለቱንም የያዘ ተክል እፈልጋለሁ፤ ትንሽ ተክል ከሆነ ሥሩ ሳይቀር አወጣዋለሁ። ፈቃድ ከመሰብሰብ በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ ናሙና ኋላ ላይ ለኅትመት አይሆንም። በአካባቢው ያሉት ተክሎች ከሃያ ካነሱ አልነቅልም፤ አንድ ቅርንጫፍና ፎቶ ይበቃኛል።

መጭመቂያው 30 በ45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የእንጨት ፍርግርግ ሲሆን በውስጡ ጋዜጣ፣ እርጥበት መጣጭ ወረቀትና ሞገድማ ካርቶን ይደራረባሉ። ናሙናው በመጨረሻ የሚለጠፍበት ወረቀት 29 በ42 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከዚያ የሚረዝመውን ተክል እንደ «ቪ» ወይም እንደ «ኤን» ፊደል አጥፈዋለሁ እንጂ አልቆርጠውም። ቢያንስ አንድ ቅጠል ጀርባውን ወደ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ፀጉሩና ዕጢዎቹ ብዙውን ጊዜ ያሉት በጀርባው ነው፤ ከደረቀ በኋላ ልገልብጥ ቢሉ ይሰበራል። ለመበጣጠስ የሚሆኑ አምስት ስድስት አበቦችን ለብቻ በወረቀት ፖስታ አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል። ማድረቂያ ሳጥን ከተጠቀምኩ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲያልፍ አልፈቅድም፤ ከዚያ በላይ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል፣ ዲኤንኤውም ይጎዳል።

ለዲኤንኤ የሚሆነውን ቅጠል ቆራርጬ በሲሊካ ጄል ውስጥ እጨምራለሁ፤ ሲሊካው በክብደት ቢያንስ የቅጠሉን አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ሲያንስ ቅጠሉ ከመድረቁ በፊት ይበሰብሳል። በአንድ ቀን ውስጥ እንደ ብስኩት ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ሲሊካውን እቀይረዋለሁ።

ከድርቀት የማይተርፈውን ሁሉ እዚያው በቆምኩበት እጽፋለሁ፦ የአበባውን ቀለም፣ ሽታውን፣ ሲቆረጥ የሚወጣውን ፈሳሽ (ነጭ ነው? ጥርት ያለ ነው? ቆይቶ ይቀላል?)፣ የዛፉን ቁመት፣ የልጡን መልክ። ቦታውን በጂፒኤስ ከአራት የነጥብ አኃዞች ጋር እመዘግባለሁ፤ ይህ አሥር ሜትር ገደማ ድረስ ይጠቁማል። ከአኃዙ ጎን ቦታውን በቃላት መጻፍም ግዴታ ነው፤ አንድ አኃዝ ሲሳሳት ናሙናውን ባሕር ውስጥ እንዳይጥለው የሚያደርገው ያ ዓረፍተ ነገር ነው። የሰብሳቢ ቁጥር ከ1 ተጀምሮ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ናሙና በሳይንሳዊ ጽሑፍ የሚጠቀሰው በሰብሳቢው ስምና በዚህ ቁጥር ስለሆነ በየዓመቱ ከ1 የሚጀምር ሰው ሁለት የተለያዩ ተክሎችን በአንድ መታወቂያ ይመዘግባል።

ከአንድ ተክል ከሦስት እስከ አምስት ቅጂ አደርቅና ወደ ተለያዩ ኸርባሪየሞች፣ ማለትም የደረቁ ተክሎች ወደሚጠበቁባቸው ቤቶች፣ እልካለሁ። በማርች 1943 የበርሊን ኸርባሪየም በቦምብ ሲቃጠል እጅግ ብዙ ናሙናዎች ጠፍተዋል፤ የብዙ ዝርያዎች ማስረጃ ሊተርፍ የቻለው ቅጂያቸው ሌላ ከተማ ውስጥ ስለነበረ ነው። ናሙናው ኸርባሪየም ከመግባቱ በፊት በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለሰባት ቀን ይቀዘቅዛል፤ ነፍሳቱን የሚገድለው ይህ ነው። ፕላስቲኩን ግን ወዲያው አልፈታም። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ካልቆየ ጤዛ ይይዘውና ይሻግታል።

መለያ ቁልፍ

መለያ ቁልፍ በየደረጃው ሁለት ተቃራኒ ዓረፍተ ነገሮች እያቀረበ «ይህ ነው ወይስ ያ?» የሚል ጽሑፍ ነው። ሁለቱንም እስከ መጨረሻ ካላነበብኩ አልመርጥም፤ የመጀመሪያው «ይሆናል» ሲል ሁለተኛው ደግሞ «በእርግጥ ነው» ሊል ይችላል። ልኬት ሲጠየቅ አንድ ቅጠል አይበቃም፤ ቢያንስ አምስት እለካለሁ። «ከ4 እስከ 8 (እስከ 12) ሴ.ሜ.» የሚል ሲያጋጥም በቅንፍ ያለው አልፎ አልፎ የሚታየው ልክ ነው። እርግጠኛ ባልሆንኩበት ደረጃ ቁጥሩን ጽፌ ሁለቱንም መንገድ እከተላለሁ፤ የተሳሳተው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት እርምጃ ውስጥ ተክሉ የሌለውን ነገር መጠየቅ ይጀምራል።

አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ይበቃል። ሌንሱ ዓይን ሥር ተጠግቶ ይያዛል፤ የሚቀርበው ናሙናው ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ሲደርስ ይጠራል። የደረቀ አበባን በፍል ውኃና በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ደቂቃ ብነክረው ይለሰልሳል። ከዚያ አንዱን ከላይ ወደ ታች እሰነጥቃለሁ፤ እንቁልጢው (ዘር የሚይዘው የአበባው ክፍል) ከአበባው ቅጠሎች መነሻ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው በዚህ ይታያል። ሌላውን አግድም እቆርጣለሁ፤ የፍሬውን ክፍሎች ብዛትና የዘሮቹን አቀማመጥ የሚያሳየው ይህ ነው።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሳስቱ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የሱፍ አበባ አስተኔ አባላት ናቸው፤ አንድ አበባ የሚመስለው ብዙ ጥቃቅን አበቦች የተሰበሰቡበት ራስ ስለሆነ «የአበባ ቅጠል ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው ወደ ሌላ አስተኔ ይወስዳል። ሁለተኛው ድርብ ቅጠል ነው። ግራርን ተመልከቱ፤ መቶ ቅጠል የያዘ የሚመስለው ዘንግ አንድ ቅጠል ነው። ማረጋገጫው እንቡጡ ነው። ቅርንጫፍ የሚሆነው እንቡጥ በእውነተኛ ቅጠል ብብት ሥር ይገኛል፤ በጥቃቅኖቹ ሥር ግን ፈጽሞ የለም። እሾሁንም እንዲሁ የማየው በቦታው ነው። ቫኬሊያ በሚባለው ወገን (ወገን የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚሰባሰቡበት ቡድን ነው) እሾሁ ከቅጠሉ እግር ግራና ቀኝ፣ ሌላ ተክል ትንንሽ ቅጠል መሳይ ነገር በሚያበቅልበት ቦታ ላይ፣ በጥንድ ይወጣል። በሴኔጋሊያ ግን ከዚያ ቦታ ውጪ ከልጡ ላይ የሚነሣ መንጠቆ ነው። ቅርጹን ብቻ ያየ ሰው ቫኬሊያ ቶርቲሊስ ላይ ይሳሳታል፤ ይህ ዛፍ ረጅም ቀጥ ያለና አጭር ቆልማማ እሾህ አደባልቆ ይይዛል።

ቁልፍን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው ነገር ይህ ነው፦ ቁልፍ ሁልጊዜ መልስ ይሰጣል። ተክሉ በውስጡ ባይኖርም አንድ ስም ላይ ያደርሳል። ለአንድ አገር የተዘጋጀን ቁልፍ ሌላ ቦታ መጠቀም የሚያሳስተው ለዚህ ነው። የደረስኩበትን ስም እንደ ግምት ይዤ ሙሉ ገለጻውን አነባለሁ፣ ቀጥሎ ወደ ኸርባሪየሙ ናሙናዎች እሄዳለሁ። እዚያም ቢሆን ማኅደሩ ላይ በተጻፈው ስም አልተማመንም፤ የቡድኑ ባለሙያ ያየውንና የፈረመበትን ናሙና መርጬ ነው የማወዳድረው።

ስሙ

ዝርያው ታውቋል እንበል። አሁን ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። የዕፅዋት ስም ቀደምትነት የሚቆጠረው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1753 ካሳተመው ሥራ፣ የእንስሳት ደግሞ በ1758 ከወጣው ሥራው ነው። ለአንድ ዝርያ በርካታ ስሞች ታትመው ከተገኙ ደንቡን አሟልቶ የቀደመው ያሸንፋል። ስሙ የሚታሰረው ግን በገለጻው ላይ አይደለም፤ ታይፕ በሚባል ናሙና ላይ ነው። ገለጻው ቢሳሳት፣ የዝርያው ድንበር ቢሰፋ ወይም ቢጠብ ስሙ ታይፑ ወዳለበት ክፍል ይሄዳል።

ይህን ከሁሉ የሚያሳየው የግራር ታሪክ ነው። ሊኔየስ በ1753 ሚሞሳ ኒሎቲካ ያለው ዛፍ ኋላ አካሲያ ወደተባለው ወገን ተዛውሮ አካሲያ ኒሎቲካ ሆነ። በኋላ ጥናቱ ሰፊው አካሲያ አንድ የዘር ሐረግ እንዳልሆነ ሲያሳይ ወገኑ መከፈል ነበረበት፤ አካሲያ የሚለው ስም ታይፑ ላለበት ክፍል፣ ማለትም ለእነዚሁ የአፍሪካ ዛፎች ይቀር ነበር። ነገር ግን በአውስትራሊያ አንድ ሺህ ገደማ ዝርያዎች ስም እንዳይቀየርባቸው ታይፑን በአውስትራሊያ ዝርያ የመተካት ሐሳብ ቀረበና በ2005 ቪየና ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ ጸደቀ፤ በ2011 ሜልበርን ላይም ጸና። ዛፉ አሁን ቫኬሊያ ኒሎቲካ ነው። በተክሉ ላይ አንዳች አልተለወጠም። «ኒሎቲካ» የሚለው ቅጽል (የስሙ ሁለተኛ ቃል) ግን ሦስቱንም ወገን ተሻግሮ አብሮት አለ፤ ከስሙ ኋላ የሊኔየስ ምልክት በቅንፍ የሚጻፈውም ቅጽሉን መጀመሪያ የሰጠው እሱ ስለሆነ ነው። ከቅንፉ ውጪ የሚከተሉት ያዛወሩት ሰዎች ናቸው። በእንስሳት ግን አዛዋሪው አይጠቀስም።

በተግባር የማጣራው እንዲህ ነው። ስሙን በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ስሞች መዝገብ ውስጥ እፈልግና መጀመሪያ የታተመበትን ገጽ አገኛለሁ። አሮጌዎቹ መጻሕፍት አብዛኞቹ ተቃኝተው ኢንተርኔት ላይ ስለሚገኙ ገጹን ራሴ አነበዋለሁ። የታይፑን ፎቶ አያለሁ። የቅጽሉ ፍጻሜ ከወገኑ ሰዋስዋዊ ጾታ ጋር መስማማቱንም አረጋግጣለሁ፤ «አንድ ዓመት የሚኖር» የሚለው አንድ ቃል ሄሊያንተስ አኑውስ፣ ፖአ አኑዋ፣ ካፕሲኩም አኑውም ሆኖ ይታያል። ወገን ሲቀየር ይህን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። ስሙ የሚዋሽ ቢሆን እንኳ አይታረምም፤ ሲላ ፔሩቪያና የምትባለው አበባ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ተክል ናት፣ ፔሩን አታውቃትም፣ ስሟ ግን ጸንቷል።

ማኅደር ላይ ሁልጊዜ በላቲን ፊደል እጽፋለሁ። የወገን ስም በትልቅ፣ ቅጽሉ በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ ፊደላችን ይህን ልዩነት ስለማያሳይ በግዕዝ ፊደል ብቻ የተጻፈ ስም ወደ መዝገቡ ሲመለስ ለፊደል ስህተት ይጋለጣል።

ምንም ስም ሳይገጥም ሲቀር

መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። የጎረቤት አገሮችን ቁልፍ እሞክራለሁ። ከተቆረጠ ግንድ የበቀለ ቅርንጫፍ ቅጠሉ ከተለመደው በእጥፍ ሊሰፋ ስለሚችል እንዲህ ያለውን አልቆጥረውም። ድቅል እንዳይሆን የአበባ ዱቄቱን በማይክሮስኮፕ አያለሁ፤ አብዛኛው ጭምድድ ብሎ ባዶ ከሆነ ድቅል ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ከተለያዩ ቦታዎች በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ቢያንስ ሁለት እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ባሕርያት ሳይደራረቡ ከቅርብ ዘመዱ ካልለዩት አዲስ ዝርያ ነው አልልም። ዲኤንኤ እዚህ ይረዳል፤ ለእንስሳት የተለመደው ኮድ 650 ገደማ ፊደላት ያሉት ሲኦአይ የተባለው ጂን ቁራጭ ነው፣ በዕፅዋት ግን አንድ ቁራጭ ብቻውን ስለማይበቃ ሁለትና ከዚያ በላይ ይጣመራሉ። ይሁንና ቅደም ተከተሉ የሚነጻጸርበት መዝገብ ራሱ በስህተት የተሰየመ ናሙና ሊይዝ ይችላል።

ማሳተም ከተወሰነ ደንቡ ግልጽ ነው፦ በላቲን ወይም ከ2012 ወዲህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገለጻ ወይም መለያ ነጥብ፣ አንድ ሆሎታይፕ (አሳታሚው ለስሙ ታይፕ እንዲሆን የመረጠው ናሙና)፣ እሱ የሚቀመጥበት ኸርባሪየም ስም፣ እንዲሁም በወረቀት ኅትመት ወይም መደበኛ መለያ ቁጥር ባለው የፒዲኤፍ ኅትመት መውጣት። አንዱ ሲጎድል ስሙ እንዳልታተመ ይቆጠራል። ለፈንገስ ከ2013 ጀምሮ የመዝገብ ቁጥር ይጨመራል። ለስብሰባ በቀረበ ፖስተር ላይ አዲስ ስም መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ስሙ ሕጋዊ ሳይሆን ይሰራጫል። በዕፅዋት ወገንና ቅጽል አንድ ቃል መሆን አይችሉም፤ በእንስሳት ግን ጎሪላ ጎሪላ ይፈቀዳል።

ሥራው ሲያልቅ ናሙናው ላይ ትንሽ ወረቀት እለጥፋለሁ፦ ስሙ፣ የእኔ ስም፣ ዓመቱ። የቀድሞውን ወረቀት አላነሣም፣ አልሰርዝም፣ በላዩም አልለጥፍም። ከሥሩ ወይም ከጎኑ ነው የሚጨመረው፤ ቀጣዩ ሰው የማን አስተያየት መቼ እንደተሰጠ በቅደም ተከተል ያነባል፣ ካልተስማማም የራሱን ወረቀት ከእኔው ሥር ይለጥፋል።