የተበጠረና የተንጨባረረ ፕላስቲክ

ላብራቶሪ ውስጥ ከሰራኋቸው ነገሮች ሁሉ የማልረሳው አንድ የተበላሸ ሉህ ነው። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን የሚባሉትን ሁለት የተለመዱ ፕላስቲኮች ግማሽ በግማሽ አቅልጬ ቀላቀልኩና ጨምቄ ስስ ሉህ አወጣሁ፣ ሁለቱም ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ናቸው፣ የአተሞቹ ምጣኔ ራሱ አንድ ነው፣ ምን ያጣላቸዋል ብዬ ነበር። ጎበጥ ሳደርገው ግን እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም እየተላጠ መጣ። ክሪስታል (በስርዓት የተደረደረ ክምር) ስለማይሰሩት ፖሊኦሌፊኖች (እንደነዚህ ሁለቱ ያሉ የካርቦንና ሃይድሮጅን ሰንሰለቶች) ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው፣ ምክንያቱም ማን ከማን ጋር እንደሚዋሃድ የገባኝ በነሱ በኩል ነው።

ከፖሊፕሮፒሊን እንጀምር። ረጅም የካርቦን ሰንሰለት አስቡ፣ በየሁለተኛው ካርቦን ላይ አንድ ሜቲል (አንድ ካርቦንና ሶስት ሃይድሮጅን ያለው ቅንጣቢ) ተንጠልጥሏል። ሜቲሎቹ በሙሉ በአንድ ወገን ከሆኑ ሰንሰለቱ አይሶታክቲክ ይባላል፣ እንደተበጠረ ፀጉር ስለሆነ ጎን ለጎን ተደርድሮ ክሪስታል ይሰራል፣ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ካልደረሰ አይቀልጥም። ሜቲሎቹ ግራም ቀኝም እንደመጣላቸው ከወጡ ደግሞ አታክቲክ ነው፣ የተንጨባረረ ፀጉር በሉት፣ መደርደር ስለማይችል ክሪስታል የለውም፣ የሚጠነክረውም ከዜሮ ዲግሪ ዝቅ ሲል ስለሆነ እጃችሁ ላይ ለስላሳና የሚያጣብቅ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። አተሙ ያው ነው! የተለየው አቀማመጡ ብቻ።

ጣሊያናዊው ኬሚስት ናታ በ1954 አይሶታክቲኩን ሲሰራ (ከጀርመናዊው ኬሚስት ዚግለር ጋር በ1963 ኖቤል ያገኙበት ስራ ነው) ካታሊስቱ (ሰንሰለቱን የሚያያይዘውን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥነው ነገር) ሁለቱንም እየደባለቀ ነበር የሚያወጣው። የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች የሚያጣብቀውን ክፍል በሟሟ እያጠቡ መለየት ነበረባቸው፣ ራስ ምታት ነበር። ቆይቶ ግን ያ ተረፈ ምርት የጣሪያ ሬንጅን ለማለስለስና በሙቀት ለሚቀልጥ ሙጫ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። የሚያስቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው፣ በማግኒዥየም ክሎራይድ ላይ የተጫኑት አዳዲስ ካታሊስቶች ስራቸውን አሳምረው አታክቲኩን ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸው፣ ሙጫ ሰሪው ደግሞ ለምዶታል፣ ስለዚህ ድሮ ጥሎት የነበረውን ነገር ኢንዱስትሪው ሆን ብሎ ማምረት ጀመረ። አሁን ፕሮፒሊን (የፖሊፕሮፒሊን መነሻ ጋዝ) ብቻውን ወይ ከኢትሊን ወይ ከቡቲን (ተመሳሳይ መነሻ ጋዞች ናቸው) ጋር፣ ሜቲሉን ወደ አንድ ወገን በማይመራ ካታሊስት ይሰራል። ሙጫው ሳይደርቅ የሚቆይበትን ጊዜና ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚለሰልስ በኢትሊኑና በቡቲኑ ድርሻ ይቆጣጠሩታል።

ክሪስታል ለማጥፋት ሌላም መንገድ አለ። ኢትሊን ብቻውን ይደረደራል፣ ፕሮፒሊንም በትክክለኛው ካታሊስት ብቻውን ይደረደራል፣ ሁለቱን አንድ ሰንሰለት ላይ በዘፈቀደ ስትሰኳቸው ግን ሰልፉ ይፈርስና ጎማ ይሆናል፣ ለረጅም ጊዜ በብዛት በቫናዲየም ካታሊስት ሲሰራ ቆይቷል። በ1995 ደግሞ ዌይማውዝና ኮትስ የሚባሉ ኬሚስቶች ስራ ላይ እያለ ቅርፁን የሚቀያይር ካታሊስት አሳዩ፣ አንዱ ሰንሰለት ላይ የተበጠረ ክፍል ከዚያ የተንጨባረረ ክፍል እያፈራረቀ ይሰራል፣ ውጤቱ ከፕሮፒሊን ብቻ የተሰራ ላስቲክ። በነገራችን ላይ ክሪስታል የለውም ማለት ለስላሳ ነው ማለት አይደለም፣ ኢትሊንን ቀለበት ካለው ኖርቦርኒን ጋር ብትሰሩት እንደ መስታወት የጠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ይወጣል፣ ሌንስና የመድሃኒት ሲሪንጅ የሚሰራበት።

አሁን ወደ ተላጠው ሉህ። ትንንሽ ሞሌኪውሎች የሚዋሃዱት በአብዛኛው መበታተን ራሱ ስለሚጠቅማቸው ነው፣ ሰንሰለት ግን ሺህ አባል አንድ ላይ ታስሮ ስለሚሄድ ከመበታተን የሚያገኘው ጥቅም ኢምንት ነው፣ ስለዚህ እዚህ ግባ የማትባል የባህሪ ልዩነት ትበቃለች ለመለያየት። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን የተጣሉት በዚህች ነው። አታክቲክና አይሶታክቲክ ፖሊፕሮፒሊን ግን ቀልጠው ሳሉ ይዋሃዳሉ፣ ሲቀዘቅዙ አይሶታክቲኩ ክሪስታሉን ይሰራል፣ አታክቲኩ በክሪስታሎቹ መሃል ተሸጉጦ ይቀራል፣ እቃው ይለሰልሳል ግን አይላጥም።

አለመዋሃድ ሁሌ መጥፎ አይደለም፣ እኔ ይሄን ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል። ፖሊፕሮፒሊን ብርድ ላይ ተሰባሪ ነው፣ የመኪና ባምፐር የማይሰነጠቀው ውስጡ የኢትሊንና ፕሮፒሊን ጎማ በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ደረጃ ባሉ ጠብታዎች ስለተበተነ ነው። ጠብታዎቹ ሙሉ በሙሉ ቢሟሙ ኖሮ ፕላስቲኩ ግትርነቱን ያጣ ነበር፣ ጭራሽ ባይያያዙ ደግሞ የኔ ሉህ ይሆናል። ጎማው ውስጥ ፕሮፒሊኑ ሲበዛ ወደ መዋሃዱ ይጠጋል፣ ኢትሊኑ ሲበዛ ይርቃል። ጎማው ሲቀልጥ ከፕላስቲኩ እጅግ የወፈረ ከሆነ ደግሞ ምንም ብታማስሉት ጠብታው አይደቅም፣ እኔ ደግሞ ያኔ ውፍረቱን ሳልለካ የማማሰያውን ፍጥነት ብቻ እየጨመርኩ ነበር።