ስሟ ከመዝገቡ እንዳይሰረዝ

ኦስሎ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት እሠራለሁ። ከምረዳቸው ክፍሎች በአንደኛው፣ በመስኮቱ በኩል ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ እጅም እግርም የሌላት አንዲት ነጭ ትንሽ ሮቦት ተቀምጣለች። ኤቪ ዋን ትባላለች፤ የሠራትም ኖ አይዞሌሽን የተባለ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኦስሎ የተመሠረተ ድርጅት ነው። የመቀመጫው ባለቤት በካንሰር ሕክምና ምክንያት ከቤት የማይወጣ ልጅ ነው።

ልጁ ከአልጋው ሳይነሣ ሮቦቷን በታብሌት ያዛታል። ራሷን ወደ ሰሌዳው ወይም ወደ ጓደኞቹ እያዞረ ያያል፣ ይሰማል፣ ይናገራል። እጅ ማውጣት ሲፈልግ ራሷ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አቅም አጥቶ ማዳመጥ ብቻ ሲሻ ደግሞ መብራቱን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ መምህርቷም አትጠይቀውም። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ክፍሉን ያያል፣ ክፍሉ ግን እሱን አያየውም። ፀጉሩ የረገፈና ፊቱ በመድኃኒት ያበጠ ልጅ ለመማር ሲል ብቻ እንዲታይ አይገደድም። ይህን ያሰበ ሰው የታመመ ልጅን ልብ ያውቃል።

በኖርዌይ ሆስፒታል የተኙ ልጆችን ማስተማር በሕግ የአውራጃው አስተዳደር ግዴታ ነው። ቤት ለሚውሉትም መምህር ይላካል። ሆኖም መምህር ሒሳብና ንባብ ይዞ ቢሄድ የእረፍት ሰዓትን ጨዋታ ይዞ ሊሄድ አይችልም። ደወል ሲደወል ልጆቹ ሮቦቷን አንሥተው ወደ ግቢ ሲሮጡ ባየሁ ቁጥር አእምሮዬ ወደ ጎጃም ይሄዳል።

የወንድሜ ልጅ ደምበጫ አምስተኛ ክፍል ስትማር ነው የታመመችው። በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልቧን ቫልቭ ጎዳው። ይህ በሽታ በአገራችን ብዙ ልጆችን ይዟል፤ ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ተራ የሚጠብቁት በሺህ ይቆጠራሉ። እሷም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እየተወጋች ትጠብቃለች። ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ነው። ትንፋሿ አላወጣት ሲል ቤት ቀረች።

ወንድሜን ስለ ትምህርቷ ስጠይቀው፣ «እታለም፣ ልጄ ትዳንልኝ እንጂ ትምህርቱስ ይደርሳል» አለኝ። ጎረቤቱም ዘመዱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከፍቅር የመጣ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ልቧ አልነበረም። «አክስቴ፣ አቋራጭ ተብዬ ስሜ ተሰረዘ አሉ» አለችኝ። አቋራጭ! ትምህርት ጠልቶ ከቀረው እኩል ተቆጠረች። ደሙ በደከመ ልብ ውስጥ የሚዘዋወር ልጅ ማን መሆኑን የሚያስታውሰው በስም ጥሪ ሰዓት ስሙ መጠራቱ ነው፤ እሱንም ከወሰድንበት የቀረው በሽታው ብቻ ነው።

ሮቦት መላክ አልታሰበም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል፤ ትምህርት ቤቱም ሲከፈት ሲዘጋ ነበር። መስመር በተገኘ ቀን የክፍሏን ኃላፊ መምህር በስልክ አገኘኋቸውና፣ «መምህር፣ እባክዎን ስሟን ይመልሱልኝ፤ ሌላውን እኛ እንሞክራለን» አልኳቸው። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረው፣ የሐኪም ወረቀት ተያይዞ ስሟ ወደ መዝገቡ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያሰቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ የላክሁት አንድ ድምፅ የሚቀዳ ተራ ስልክና ሁለት ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱም በአዲስ አበባ በኩል በሰው እጅ።

የክፍል አለቃዋ ስልኩን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ትምህርቱን ትቀዳለች። ማታ ሰፈሯ የሆነ አንድ ልጅ ካርዱንና ደብተሩን ያደርስላታል፤ ጠዋት ሌላውን ካርድ የእሷ መልስና ጥያቄ ተቀድቶበት ይመልሳል። መምህሩ ጥያቄዋን ለክፍሉ ያሰሙና ልጆቹ እንዲመልሱላት ያደርጋሉ። ስም ሲጠራ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቤቷ ናት!» ይላል። ይህም ይቀዳል። እናቷ እንደነገረችኝ ከሁሉ አስቀድማ ፈልጋ የምትሰማው እሱን ነው።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሊጠይቋት አይመጡም ነበር። የልብ ሕመም ይጋባል ብለው ፈርተው ኖሯል። መምህሩ አስቀምጠው እንደማይጋባ አስረዷቸው፤ ጥንቃቄው በተቃራኒው መሆኑንም ጨመሩ። ጉሮሮው የታመመ ልጅ እሷ ዘንድ አይሄድም፤ ሕመሙ ዳግም ቢይዛት የልቧ ጉዳት ይብሳል። አሁን ልጆቹ ደጃፉ ላይ እርስ በርሳቸው ጉሮሮ ይጠያየቃሉ። ካንሰር ለሚታከም ልጅም፣ የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም፣ ይኸው ጥንቃቄ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ለእንደዚያ ያለ ልጅ የጓደኞቹ ድምፅ ከጓደኞቹ ቀድሞ ይግባ።

ፈተናውን ቤቷ ሆና እንድትፈተን ተፈቅዶላት ወደ ስድስተኛ አልፋለች። ስድስተኛ ክፍል ደግሞ ክልላዊ ፈተና ስላለው የቤት ፈተናው አይበቃም፤ መምህሩ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ከወዲሁ እየተነጋገሩ ነው። በዚያው ትምህርት ቤት አጥንቱን ታሞ የተኛ አንድ ልጅ አለና ለእሱም ስልክ ጠይቀውኛል፤ እልካለሁ።

በውጭ የምትኖሩ የጎጃም ልጆች፣ ለታመመ ልጅ የመድኃኒት ገንዘብ የምትልኩ ብዙዎች ናችሁ። ስትልኩ የልጁን መምህር ስልክ ቁጥርም ጠይቁና ደውሉ። ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለሚጀመር ከዚያ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ የሐኪሙ ወረቀት ቀድሞ ከደረሰ ስሙን ማስመለስ ሳይሆን ማቆየት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።