ዛሬስ አወቋት?

ባለፈው ክረምት ፍልሰታ ላይ እኔና አያቴ የቻይና ድራማ ሱስ ይዞን ነበር። አያቴን ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላት፣ እኔም እንደዛው። አራት ኪሎ ነው የምንኖረው፣ እሷ ቅድስት ማርያም አስቀድሳ ዘጠኝ ሰአት አካባቢ ትገባና ሽሮዋን ቀምሳ ጋደም ትላለች፣ እኔ ደግሞ ማታ ከስራ በስብሼ ከች ስል ቡናው ተቆልቶ ይጠብቀኛል። ከዛ ስልኬን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፈን እንጀምራለን። ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፣ ሲደክመኝ ከራሴ እጨምራለሁ አታውቅብኝም (ወይ እያወቀች ዝም ትለኛለች)።

ድራማው ሌጀንድ ኦፍ ዘ ፊሜል ጄኔራል ይባላል፣ የ2025 ነው፣ 36 ክፍል። ሄ ያን የምትባል ልጅ አለች፣ በዘመዷ ወንድ ልጅ ስም ጭምብል አጥልቃ ወንድ መስላ ትኖራለች፣ ትዘምታለች፣ ፌይሆንግ የተባለ ስመ ጥር ጄኔራል ትሆናለች። ያን ሁሉ ደም ካፈሰሰች በኋላ የስሙ ባለቤት ይመጣና ሹመቱንም ዝናውንም ላፍ ያደርገዋል። እሷስ? እንደገና ወንድ መስላ ከተራ ወታደር ትጀምራለች፣ አዛዡ ደግሞ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሺያው ጁዌ ሆኖ እርፍ። ከዚህ በላይ ስፖይለር አልሰጥም።

እማማ በየክፍሉ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ "ዛሬስ አወቋት?"

አላወቋትም እማማ። "ወይ ጉድ፣ እነዚህ ሰዎች አይናቸው ምን ነካው?"

ጓደኞቼም የሚያሾፉት በዚሁ ነው። ልጅቷ ቅንድቧ ተቀንድቦ፣ ከንፈሯ በሊፕስቲክ ቀልቶ፣ ቆዳዋ እንደ ህፃን እየሆነ ሺ ወታደር መሀል እየተኛች እንዴት አንድ ሰው አይጠረጥርም ነው የሚሉት። ሊፕስቲኩ ላይ እኔም እስማማለሁ፣ ሜካፕ አርቲስቱ እዛ ጋ ትንሽ ቢያርፍ ምን ነበረበት። ግን "ሰው እንዴት አያውቅም" የሚለው ላይ አልስማማም፣ ምክንያቱም እኔ በሞተር ዴሊቨሪ ነው የምሰራው፣ ሄልሜትና የዝናብ ልብስ ካደረግኩ ለዚህ ከተማ ወንድ ነኝ፣ አለቀ። ትራፊኩ "አንተ! ያዝ ወደ ዳር" ይለኛል፣ ባለ ታክሲው "ጀለስ ትንሽ ጠጋ በል" ይለኛል፣ ዕቃ የማደርስለት ሰው "ወንድሜ ዝርዝር አለህ?" ይለኛል። ማንም እኮ ሴት መሆኔን አጣርቶ አይደለም፣ ሞተር ሲያይ ወንድ ብሎ ጨርሷል፣ ከዛ በኋላ አያይም።

ሀምሌ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ህንፃ አራተኛ ፎቅ ምሳ ላደርስ ነው፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ሄልሜቴን ሳላወልቅ እየሮጥኩ በሩ ጋ ስደርስ ጥበቃው "ቦርሳውን እዛ አስቀምጥ፣ እጅህን ዘርጋ" አለኝ። እኔም ምሳው እንዳይደፋ ሳስብ ዝም ብዬ ዘረጋሁ። ትከሻዬን ጨርሶ ወደ ጎኔ መውረድ ሲጀምር ነቃሁና "ኧረ ሴት ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። "በስመአብ! እህቴ ምነው ቀድመሽ አትናገሪም!" ብሎ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ፣ ሴቷ ፈታሽ ከመጋረጃው ውስጥ ሳቅ ሊገድላት ነው፣ ወረፋ የያዙት ደግሞ ሄልሜቱን አውልቂና እንይሽ ይላሉ። ምሳው ቀዘቀዘ በቃ። አሁን እዛ ህንፃ በሄድኩ ቁጥር ጥበቃው ከሩቅ "ወንዳታ መጣሽ?" ይለኛል፣ ሴት ልጅ ስትጎብዝ "ወንድ ናት" ብለን የምናመሰግን ሰዎች ስለሆንን ስድብ ይሁን ሙገሳ እስካሁን አልለየሁም።

እና ይሄን ለእማማ ሳጫውታት ሳቀች ሳቀችና ድንገት ዝም አለች። "ይቺ ቻይናዪቱ ማንን እንደምትመስለኝ ታውቂያለሽ? እንባ መሪናን" አለችኝ።

እኔ ስሟን እንጂ ታሪኳን አላውቅም ነበር። እማማ ከስንክሳር የሰማችውን እንዲህ ብላ ነገረችኝ፣ አባቷ ሚስቱ ሞታበት ሊመንኩስ ሲነሳ ልጅቱ እኔንስ ለማን ትተወኛለህ ብላ ያዘችው፣ እሱም ፀጉሯን ላጭቶ የወንድ ልብስ አልብሶ ወንድ ነው ብሎ ገዳም አስገባት። አባትየው ሞተ። ቆይቶ አንድ ወታደር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱን ሴት ልጅ አስረገዘና "መነኩሴው ነው በይ" ብሎ አስተማራት። "ሴት ነኝ ብትል በዛች ደቂቃ ነፃ ትወጣ ነበር እኮ" አለች እማማ ሲኒውን እንደያዘች፣ "አላለችም። ከገዳሙ አባረሯት፣ ህፃኑንም አምጥተው ጣሉባት፣ እረኞች ጋ እየዞረች ወተት እያጠጣች አሳደገችው። ስትሞት ሊገንዟት ልብሷን ሲያወልቁ ነው ያወቁት። ያኔ ማልቀስ ምን ይሰራል?"

ቀኗ ነሀሴ 15 ነው፣ እዛው ፍልሰታ ውስጥ። በዛች ማታ ድራማውን አላየንም።

እኔ ግን ነገሩ ስለከነከነኝ የሁሉም እናት የሆነችውን፣ ወንድ መስላ በአባቷ ፈንታ የዘመተችውን ቻይናዊቷን ሙላንን ፈልጌ አነበብኩ፣ ካርቱኑን አይደለም፣ የጥንቱን ግጥም። ሰሜን ዌይ በሚባለው ስርወ መንግስት ዘመን፣ ማለትም ከ386 እስከ 534 ባለው ጊዜ፣ እንደተገጠመ ነው የሚታመነው፣ ንጉሱን ራሱ ካን ነው የሚሉት። አጭር ናት፣ ዘንዶ የለ፣ ፍቅር የለ። ልጅቱ ሸማ እየሰራች ታቃስታለች፣ ለምን ሲባል የክተት ዝርዝሩ 12 ጥቅልል መጥቷል፣ በሁሉም ላይ የአባቷ ስም አለ፣ ለአቅመ ጦርነት የደረሰ ወንድ ልጅ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የለም። ከዛ ፈረስ ከምስራቅ ገበያ፣ ኮርቻ ከምዕራብ፣ ልጓም ከደቡብ፣ አለንጋ ከሰሜን ገበያ ትገዛለች (መርካቶ ብትሆን ሁሉንም በአንድ ዙር ጨርሳ ማኪያቶ ትጠጣ ነበር)። ጦርነቱ ራሱ ጥቂት መስመር ነው፣ በቃ። ካኑ ልሹምህ ሲላት ወደ ቤቴ መልሱኝ ትላለች።

የወደድኩት ግን መመለሷን ነው። እናትና አባቷ ተደጋግፈው ከከተማው ቅጥር ውጪ ወጥተው ይቀበሏታል፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ለአሳማና ለበግ ቢላ ይስላል። ይሄን ለእማማ ስነግራት "በጉስ እሺ፣ አሳማውን ምነው በፆም ባትነግሪኝ" አለችና ግን ደስ ብሏታል፣ እንግዳ ሲመጣ ቢላ የሚሳልበት ቤት የሷ ቤት ነዋ። ከዛ ሙላን ክፍሏ ትገባለች፣ የጦር ልብሷን ታወልቃለች፣ የድሮ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ መስታወት ፊት ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ ወጥታ የጦር ጓደኞቿ ፊት ትቆማለች። ክው! 12 አመት አብረን ስንዘምት ሴት መሆኗን አላወቅንም ይላሉ። የመጨረሻው ስለ ጥንቸል ነው፣ ወንዱ እግሩን ያወራጫል ሴቷ አይኗን ታጨነቁራለች፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሮጡ ግን ማን ይለያል ይላል። እኔም የምለው ይሄንን ነው፣ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስወርድ ማን ይለያል?

እማማ በበኩሏ "እኛ ጋ ከበደች ስዩም መች ወንድ መሰለች፣ ጣልያን ባሏን ሲገድልባት ሴት እንደሆነች ነው ጦር የመራችው" ብላ ተከራከረችኝ። እውነቷን ነው፣ ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሳ በ1929 ፍቼ ላይ ከተገደለ በኋላ አርበኞቹን ይዛ የተዋጋችው በራሷ ስም ነው። ግን የራስ ስዩም ልጅ ናት አልኳት፣ ስም ያላት ሴት ስም አትበደርም።

ድራማው ላይ ያናደደኝም ያሳመመኝም ይሄ የስም ነገር ነው፣ መሀል ላይ ፍቅሩ ሲበዛ እማማ እያንኮራፋች እኔ ስልኬ ላይ ያፈጠጥኩት የተሰረቀው ስሟ ይመለስ እንደሆነ ለማየት ነው። ምክንያት አለኝ። ሞተሩ የወንድሜ ነው፣ አፑ ላይ ያለው አካውንትም በሱ ስምና ፎቶ ነበር፣ እሱ ሌላ ስራ ሲያገኝ እኔ ዝም ብዬ ቀጠልኩበት። ሁለት አመት ሙሉ በዝናቡም በፀሀዩም የለቀምኩት አምስት ኮከብ ሁሉ የሱ ነው። አንዴ ጎበዝ አድራሾች ተብለው ቲሸርትና ሰርተፍኬት ሲሰጣቸው የተጠራው እሱ፣ ሄዶ የተቀበለውም እሱ፣ ለብሶት ቤት ሲመጣ ሁላችንም ስቀን ነበር፣ እኔም ጭምር።

የሄ ያንን ዝና ያኛው ላፍ ያደረገበት ክፍል ላይ ወንድሜ ቲሸርቱን ለብሶ አጠገባችን ቁጭ ብሏል። እማማ ስልኩን አየች፣ እሱን አየች፣ "አውልቅ" አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። "አውልቅና ስጣት ነው የምልህ።" አወለቀ። ቲሸርቱ ይሰፋኛል፣ ማታ ማታ እተኛበታለሁ። አካውንቱንም መስከረም ላይ መንጃ ፈቃዴን አስገብቼ በራሴ ስም ከዜሮ ጀመርኩ፣ ኮከብ የለ ምን የለ፣ ልክ እንደ ተራ ወታደር።

36ቱን ከጨረስን ቆየን፣ አሁን ሌላ ጀምረናል፣ ያን ያህል አይደለም። እማማ ግን ጥያቄዋን አልተወችም፣ ማታ ሄልሜቴን ይዤ በሩን ስከፍት ከከሰሉ ጋ ሆና "ዛሬስ አወቁሽ?" ትለኛለች።

"አንድ ትራፊክ ብቻ እማማ።"

"ቀጣሽ?"

"አዎ።"

"በስምሽ ነው?"

ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋት፣ መነፅሯን አድርጋ አነበበችው።

"በስምሽ ነው" አለች፣ ቡናውን እየቀዳች።