እርምጃ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ድብት ብሎኛል።

ጠዋት የእህቴን ልጅ "ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች" እያልን ስናጫውታት ሶፋውን ለቀቀችና ሦስቴ ተራመደች። ደስታ ፈንቅሎኝ "የመጀመሪያ እርምጃዋ! ቅረጿት!" ብዬ ጮህኩ። እትዬ እዚያው ምስር እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀጥ አለ።

"እግር አወጣች በል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ያንን ቃል ለልጅ አትበለው።"

የእትዬ ታናሽ ወንድም በ1970 ነው የሄደው። ይኸው እኔም "ሄደ" አልኩ። አልሄደም፣ ተገድሏል። ያኔ የሚባለው ግን "እርምጃ ተወሰደበት" ነበር። በዚያ በቀይ ሽብር ጊዜ "ነፃ እርምጃ" የሚሉትም ነበር። ነፃ የሚያምር ቃል ነው። እርምጃም ምንም አላጠፋም፣ ሕፃን ሶፋ ለቃ የምታደርገው ነገር ነው። ሁለቱን ገጥመው ሰውን ያለ ፍርድ ለመግደል ስም አደረጓቸው።

"ተወሰደበት" የሚለው ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። የተወሰደበት ሰው አለ፣ የወሰደው ግን የለም። ትምህርት ቤት ሰዋስው ስንማር "የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማነው?" እየተባልን እንጠየቅ ነበር። እትዬም ይህን ሁሉ ዓመት የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

እርግጥ እኛም "ሞተ" ማለት ሲከብደን "አረፈ" እንላለን። እሱ ግን ለሐዘንተኛው አስበን ነው። "እርምጃ" ለማን ታስቦ ነው?

ደግሞ ለምን ሩቅ እሄዳለሁ። ማክሰኞ ዕለት ቢሮ ማስታወቂያ አዘጋጅ ተብዬ "የዋጋ ማስተካከያ ተደርጓል" ብዬ ጻፍኩ። ጨምረናል ማለት ነው። ምን ተጣሞ ኖሮ ነው የተስተካከለው? ዋጋ መጨመር ሰው ከመግደል ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ። ግን እዚያም ባለቤቱ የለም፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ደንበኛ ላታልል ብዬ አይደለም። እጄ ስለለመደው ዝም ብሎ መጣልኝ። ያስፈራኝ ይሄ ነው።

አሁን ማታ ላፕቶፑን ከፍቼ "ዋጋ ጨምረናል" ብዬ ቀየርኩት። ሰኞ አለቃዬ ይፈርምበት ይሆን? እሺ ባይፈርምስ፣ የድሮውን መልሼ እጽፋለሁ?