ቀለበቱ አታለለኝ

ነገሩ የጀመረው ኮምቦልቻ፣ አጎቴ ማሳ ላይ ነው። የማሽላ ሥር ነቅዬ አፈሩን ፌስታል ውስጥ ሳራግፍ አዩኝና «ደግሞ አፈርም ይሰረቅ ጀመር?» አሉኝ። የፈለግኩት ሥሩ ላይ የተጣበቀውን አፈር ነበር። ሥር ስኳር ስለሚያመነጭ የምፈልገው፣ ፎስፈረስ የሚፈታው ባክቴሪያ የሚሰፍረው እዚያ ነው።

አጎቴ በየዓመቱ ማዳበሪያ ይጨምራሉ። በውስጡ ካለው ፎስፈረስ ግን ብዙው በዚያው ዓመት ለሰብሉ አይደርስም። እንደሳቸው ባለ ዋልካ ላይ ካልሲየም ይዞ ያስቀረዋል፤ አሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ ብረትና አሉሚኒየም። ጎተራ ሙሉ እህል እያለ ጦም ማደር በሉት። እንደ ባሲለስና ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመነጩ ይህን ፎስፈረስ ይፈቱታል።

ላብራቶሪ ውስጥ 10 ግራም አፈር በ90 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ በጠበጥኩ። ደጋግሜ አቀጠንኩና ፒኮቭስካያ በሚባለው አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያ በሚያድግበት ጄሊ መሳይ ምግብ ላይ ቀባሁት። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ትሪካልሲየም ፎስፌት የሚባል፣ ውሃ በቀላሉ የማያሟሟው የፎስፈረስ ውህድ ስላለበት ወተት ይመስላል። በአምስተኛው ቀን ስከፍተው አንዳንዱ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ዙሪያውን ጥርት ያለ ቀለበት ሠርቷል። ፎስፌቱ ሟሙቷል ማለት ነው። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ በኋላ ያበላሸሁት ብዙ ነው። ትልቁን ቀለበት የሠራውን መርጬ፣ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ በጥብጬ፣ የባቄላ ዘር ለወስኩበት። ዘሩን ቀትር ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ይህ ባክቴሪያውን መግደል ነው። ደሴ፣ እናቴ ጓሮ ዘራሁት፤ ያልተለወሰ ዘር ግን ለማነጻጸሪያ አልዘራሁም። ባቄላው አማረ። እናቴ «አየህ፣ ሠራልህ!» አለችኝ። በምን ላውቅ? ዝናቡም እኮ ጥሩ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ውሃውን አፍልቼ አቀዘቀዝኩ። ዘሩ እንዲይዘው ስኳር ጨመርኩ፣ ጥላ ሥር ለውሼ ወዲያው ዘራሁ። የአጎቴን አፈር በባልዲ ሞላሁ፤ ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ ስድስት ባልዲ፣ ላልተለወሰውም ስድስት። ልዩነቱ ትንሽ ነበር። የሚገርመው፣ የተሻለው ትልቁን ቀለበት የሠራው አይደለም፤ ቀለበቱ መካከለኛ የነበረው ነው። ዋልካ አሲዱን ቶሎ ያከሽፈዋል፣ ነባሩ ባክቴሪያም ለእንግዳ ቦታ አይለቅም። አጋር ላይ ይህ ሁሉ የለም።

አጎቴ «እንግዲህ ማዳበሪያውን ልተወው?» አሉ። አይ፣ አይተዉት። ባክቴሪያ ያለውን ይፈታል እንጂ ፎስፈረስ አይፈጥርም። ለዘንድሮ ከማሳቸው ጥግ ትንሽ መደብ ለቀውልኛል። ግማሹን ለውሼ፣ ግማሹን እንዲሁ እዘራለሁ።